ከትከሻ በታች

ጥቅምት 12 ቀን

ለቁልፌ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ ስድብሽም አብሮ ደርሷል። ሰላምታው አንድ መስመር፣ ስድቡ ሁለት ገጽ ነበር። እኔም እንደ አመጣጡ ልመልስልሽ፦ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ሰላምታው አለቀ። አሁን ወደ ስድቡ እንሂድ።

«የእናቴን ፎቶ ላኪልኝ ብዬ ካሜራ ብገዛልሽ የቀሚስ ፎቶ ትልኪልኛለሽ?» ብለሻል። ዝቅ ብለሽ ደግሞ «ጭንቅላቷን የት ጣልሽው?» ብለሻል። የትም አልጣልኩትም። እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ደብዳቤሽን ሳነብላት እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች በኔም ባንቺም ታላግጣለች።

ለመሆኑ አንቺ ልብስ ሰፊ ቤት አይደለም እንዴ ያደግሽው? የኮት ቁልፍ ውጠሽ ስምሽ ቁልፌ ሆኖ የቀረው በዚሁ ቤት አይደለም? ሰው በር ገፍቶ ሲገባ እኔ መጀመሪያ የማየው ምኑን ነው? ትከሻውን። ከዚያ ደረቱን፣ ከዚያ ወገቡን፣ ከዚያ የልብሱን ጫፍ። ፊቱን የማየው ለክቼ ጨርሼ ሜትሩን አንገቴ ላይ ስመልስ ነው። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሲያይ የኖረ ዓይን ካሜራ ላይ ሲደገን ከየት እንዲጀምር ፈልገሽ ነው? ከትከሻ ጀመረ፤ ጫማ ላይ ጨረሰ። እኔ በቀዳዳው ሳይ ሙሉ ሰው ነው የሚታየኝ። ጭንቅላት እንደጎደለ ያወቅኩት ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ነው።

ደግሞ ባንቺ ብቻ የደረሰ እንዳይመስልሽ። ጎረቤታችን የአውቶቡስ ሹፌሩ ጡረታ ወጣ። የመጨረሻ ቀኑ ነውና ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ አንሺኝ ብሎ መጣ። አነሳሁት። ኮቱ ብትይ፣ ቁልፉ ብትይ፣ የሱሪው መስመር ብትይ! እንደዚያ ቀጥ ያለ የሱሪ መስመር በመጽሔት ላይ እንኳ አላየሁም። ከአንገት በላይ ግን ግድግዳ ነው። ሚስቱ ፎቶውን ይዛ ደጄ ላይ ቆማ «የባሌን ጭንቅላት አምጪ!» ስትል ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። እኔም ደሜ ፈልቶ «ባልሽን በሱሪው ካላወቅሽው ምን ላድርግሽ!» አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ፊቷን ታዞርብኛለች።

ስለዚህ ትምህርት ገባሁ። ሳቂ፣ ሳቂ፣ ግድ የለም። ጥግ ላይ ያለው ፎቶ ቤት ባለቤት ቅዳሜ ከሰዓት ጀማሪ ያስተምራል። ሲናደድ ፊቱ ብልጭ ስለሚል ጋሽ ፍላሽ ነው የምንለው፤ እኔ ከገባሁ ወዲህ ብልጭ ሳይል የዋለበት ቅዳሜ የለም። ተማሪዎቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ ከድመቷ ሌላ ምንም የማታነሳው የባለመድኃኒት ቤቱ ሚስት፣ እና የአውቶቡስ ሹፌሩ። እሱ የመጣው «ጭንቅላቴን ራሴ አነሳዋለሁ» ብሎ ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ገላመጠኝ፤ እኔም ሱሪውን አየሁበት።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። ካሜራውን የላክሽው ለራስሽ ብለሽ ነው፤ እማዬን ለማየት። ይሁን። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። እጄ ውስጥ ክር ያልሆነ፣ መርፌ ያልሆነ፣ ለቅዳሜ ይድረስልኝ የማይባል ነገር ገብቶ አያውቅም ነበር።

እትዬሽ

(ከእማዬ፣ በራሷ እጅ)
ልጄ፣ ጭንቅላቴ ቦታው ላይ ነው፤ አታስቢ። ይልቅ ቀሚሱን አየሽው? ለዚህ ብዬ ነው ዞሬም የተነሳሁት። ጀርባዬ ላይ መዝጊያው እንዴት እንደተኛ እዪልኝ። እህትሽን ሦስቴ አስፈትቻታለሁ። የባለመድኃኒት ቤቱ ሚስት ከፊት የሚከፈት ቀሚስ ስፉልኝ ብላ መጥታ ነበር። ከፊት የሚከፈት የሌሊት ልብስ ነው፣ ሌላ ቤት ሂጂ አልኳት።


ኅዳር 8 ቀን

ለእትዬ፣

ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አሁንም ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ያልኩት አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለእማዬ፣ አንዱ ለሹፌሩ ነው። ሚስቱ ግን የልቤን ተናግራለች።

ባትጠይቂኝም ልንገርሽ፦ ያንኑ የቀሚስ ፎቶ ሰቅዬዋለሁ። ከምተኩስበት ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ ነው ያለው። ይህ የሆቴል ልብስ ክፍል መስኮት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ፎጣ፣ ነጭ የትራስ ልብስ ነው የምናየው። ሰማያዊ ነገር ግድግዳ ላይ ሲኖር ለዓይን ደግ ነው። የክፍሉ አለቃ፣ አንገቷ በአሚዶ እንደደረቀ ኮሌታ ስለማይታጠፍ እኛ አሚዶ የምንላት፣ መጥታ ፎቶው ፊት ቆመች።

«ይህቺ የልብስ መስቀያ ማን ናት?» አለች።
«እናቴ ናት።»
«ታዲያ ሌላው አካሏስ?»
«እህቴ ገና እየተማረች ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ፖስታ ሲመጣ መላው ክፍል አንድ ጥያቄ ነው ያለው፦ «ጭንቅላቱ መጣ?» ከማድረቂያው ክፍል ሳይቀር ሰው ይልካሉ።

አሁን ግን ሳቁን እንተወውና ያን ሁሉ የተሳደብኩት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አንድ ጠዋት የእንግዳ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ስሰቅል መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁና፣ እኔ እማዬን እመስላለሁ እንዴ? አልኩ። ፊቷን ላስታውስ ሞከርኩ። ዓይኗ መጣልኝ፣ ግንባሯ መጣልኝ። ጉንጯ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ግን በግራ ነው በቀኝ? አላውቅም! የእናቴን ፊት አላውቅም! መጋረጃውን ትቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ አሚዶ ብታየኝ ኖሮ ዛሬ ሥራ የለኝም። ስንት ዓመት ጉንጯን ስሜ ኖሬ ምልክቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠፋኛል?

ስለዚህ እትዬ፣ ቀሚስ አልፈልግም። መዝጊያው ቆንጆ ነው፤ ንገሪያት። እኔ የምፈልገው አንድ ፊት ነው። ምልክቱ በየትኛው ጉንጯ ነው? እስከዚያ በደብዳቤም ቢሆን መልሺልኝ። ለፈረንጆች አዲስ ዓመት እንግዶች ሥራ ስለሚበዛ እኔ ብዘገይ እንኳ አንቺ እንዳትዘገዪ።

ቁልፌ


ጥር 20 ቀን

ለምወድሽ፣ ለምናፍቅሽ፣ ለታናሽ እህቴ ለቁልፌ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው እንዴት ነው? ብርዱስ? በደንብ ትበያለሽ? አሚዶስ ደህና ናት? የማድረቂያው ክፍል ልጆችስ? ሁሉንም ሰላም በይልኝ።

ስለዘገየሁ አትቆጪኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ገብቶ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። ደግሞ ፊልም ጠፋ። ደግሞ ዘነበ። ብቻ ዘገየሁ።

እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። በጣም ደህና ናት።

ትምህርቱን ብታዪ ግን! በስተመጨረሻ ጋሽ ፍላሽ አዳነኝ። አንድ ቅዳሜ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ ካቃሰተ በኋላ፣ «እመቤቴ፣» አለኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቀሚስ ሰፊ አይደለሽም። ባርኔጣ ሰፊ ነሽ። ሰው ፊትሽ ሲቆም ባርኔጣ ሊያሰፋ የመጣ ነው። ከየት ትጀምሪያለሽ?» ይኸው ነው፤ በቃ! ከዚያ ወዲህ አንድም ጭንቅላት አልጎደለብኝም። ጫማ ነው አሁን የሚጎድለው፤ ለጫማ ደግሞ ማንም ደጄ ድረስ መጥቶ አይጮህም። ሹፌሩን እንደገና አነሳሁት። ልኬልሻለሁ፣ እዪው፤ ሽበቱ በመስኮት ብርሃን እንዴት እንደሚያምር! ሚስቱ ፎቶውን አይታ «እንዲህ ነው እንዴ ያረጀው?» ብላ ቁጭ አለች። ታርቀናል። የባለመድኃኒት ቤቱ ሚስትም ከነድመቷ አለች፤ በትምህርቱ ድመቷ ትበልጣታለች።

የእማዬንም ልኬልሻለሁ። መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ውጭ ስታይ ነው። ከጀርባ ነው፤ እንደዚያ የሆነው ብርሃኑ ከፊቷ ስለሚመጣ ነው፤ ጋሽ ፍላሽ እንዲህ ያለው ፎቶ ጥበብ ነው ይላል። ፀጉሯ ይታያል አይደል? ጭንቅላት ነው እንግዲህ።

ከታች የለመድሽውን ስላልጻፈች አትከፊ። መነጽሯ ተሰብሮ ነው። የምንነጋገርበትን የመድኃኒት ቤቱን ስልክም ተይው፤ እዚያ ድረስ ሄዳ ቆማ መጠበቁ ሰልችቷታል፤ ደግሞ በስልክ ስትናገሪ አትሰማሽም። ደህና ናት ብዬሻለሁ።

ሺህ ጊዜ እስምሻለሁ።

እትዬሽ


የካቲት 28 ቀን

ቁልፌ፣

«ውሸታም» የሚለውን ቃል ደብዳቤሽ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ያሰመርሽበትም መስመር አላመለጠኝም።

በተራ ልመልስልሽ። አንደኛ፣ መነጽር መሥራት ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጅበትን ምክንያት መነጽር ሠሪው ነው የሚጠየቀው፤ እኔን አይደለም። ሁለተኛ፣ «መነጽር የሌላት ሴት መርፌ ላይ ክር እንዴት ትሰካለች?» ላልሽው፣ የምሰካላት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን የምሰካው እኔ ነኝ። ሦስተኛ፣ «ባርኔጣ መስፋት ከተማርሽ ለእማዬ ምነው ነፈግሻት?» ብለሽ ያሾፍሽባት ነገር፣ ቀልድ መሆኗ ገብቶኛል፤ አልሳቅኩም።

ሰው ከጀርባው ቢነሳ ምን ይሆናል? ሴትዮዋ ፊቴን አታንሺ ካለች አስሬ ላንሳት? አንቺ እዚያ ሆነሽ ታዢያለሽ፣ እኔ እዚህ ሆኜ እሮጣለሁ። ካሜራ ላክሽልኝ እንጂ አልቀጠርሽኝም! ፎቶ ማንሳት የምማረው ለአንድ ግድግዳ ብዬ መሰለሽ? ጋሽ ፍላሽ የሹፌሩን ፎቶ አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቅሎታል። ከሥሩ የኔ ሙያ ተጽፏል፦ «ያነሳችው፣ ልብስ ሰፊዋ»። ሰው እየቆመ ያያል። ትናንት አጠገቡ ቆሜ ስሰማ አንድ የማላውቀው ሰው «ይህቺ ሴት ሰው ማየት ታውቅበታለች» አለ። ቤት ገብቼ የምነግረው ሰው ፈልጌ፣ ለቁልፌ እጽፋለሁ አልኩ። ደብዳቤሽን ስከፍት ውሸታም።

ከዚህች ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው የምትጠይቂው። «ፊቷን፣ ፊቷን፣ ፊቷን»! እኔስ ፊት የለኝም? ካሜራው ከደረሰ ጀምሮ አንድ ቀን «እትዬ አንቺስ እንዴት ሆነሽ፣ እስኪ ያንቺንም ላኪ» ብለሽኛል? ደብዳቤዎችሽ እዚሁ አሉ፤ አገላብጫቸዋለሁ። የለም።

ይኸው ፎቶ። ተቀምጣ ነው፤ እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ጭንቅላት የለውም። አመሌ ተመለሰብኝ በይ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከትከሻ በታች ነው የማየው።

እትዬሽ


ሚያዝያ 3 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታ አልጽፍም።

ፎቶው እንደመጣ ክፍሉ በሙሉ «ጭንቅላቱስ?» አለ። አልመጣም ብዬ ከድሮው አጠገብ ሰቀልኩት። ከዚያ አንሶላ እየተኮስኩ ዓይኔን ከአንዱ ወደ አንዱ ሳመላልስ ካውያውን አንሶላው ላይ ረሳሁት። አቃጠልኩ። አሚዶ ሽታውን ተከትላ ስትመጣ እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቆሜያለሁ።

ያው ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ጥቅምት ላይ ጀርባው ላይ ነበር የሚዘጋው፤ እማዬ ራሷ እዪልኝ ብላ የጻፈችለት መዝጊያ። አሁን ከፊት ተሰንጥቋል፤ ከአንገት እስከ ወገብ። ቁልፎቹ ትልልቅ፣ በአንድ ጣት ተጭነው የሚዘጉ ናቸው። የቀኙ እጅጌ ጎኑ ተፈትቶ ጨርቅ ገብቶበታል፤ የግራው እንደነበረ ነው። አንድ እጅጌ ብቻ ጨርቅ ተጨምሮ የሚሰፋው ለምን ዓይነት ሰው ነው እትዬ? እኛ ቤት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ አይቻለሁ። አንድ እጁን ራሱ ማስገባት ለማይችል ሰው ነው።

ደግሞ እጆቿ። ግራ እጇ ቀኝ እጇ ላይ አላረፈም። ይዞታል። ሕፃን እንደሚያዝ ነው የያዘው።

እማዬ! «ከፊት የሚከፈት የሌሊት ልብስ ነው» ብላ ስንት ደንበኛ ያባረረች ሴት! እሷ ናት ከፊት የሚከፈት ለብሳ ቀን በቀን የተቀመጠችው? አንቺም ይህን ቀሚስ በገዛ እጅሽ ፈትተሽ፣ ቀድደሽ፣ መልሰሽ ሰፍተሽ፣ ከዚያ ካሜራ አንስተሽ፣ ከዚያ «በጣም ደህና ናት» ብለሽ ጻፍሽልኝ? ብዕሩ እንዴት እሺ አለሽ? እኔ እዚህ ሰው ሁሉ ፊት «እህቴ ገና እየተማረች ነው» እያልኩ ስስቅ፣ አንቺ እዚያ ምን እያደረግሽ ነበር? ካሜራውን የላክሁት እንድታሳይኝ ነው፤ እንድትደብቂበት አይደለም!

ከትከሻ በታች ነው የማየው ብለሻል። እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ። ከትከሻ በታች ያለውን ማንበብ አስተምራችሁኛል።

አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ። ቁልፎቹ ከተሰፉ በኋላ አንዱ እንደገና ወደ ግራ ተጠግቷል፤ የድሮው የመርፌ ቀዳዳ ይታያል። የምትለብሰው ሰው ስላስቸገራት ነው ያስጠጋሽው። እንግዲህ አለች ማለት ነው፤ ትለብሳለች፣ ታማርራለች። እስክረጋጋ ድረስ በዚያች ቀዳዳ ነው የተነፈስኩት።

ምልክቱንስ? ኅዳር ላይ ጠይቄሽ እስከ ዛሬ አልመለስሽልኝም። በቀኝ ነው በግራ የሚል ቃል ለመጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? አሁን ነው የገባኝ፤ ፊቷን ባየሽ ቁጥር መጻፍ አልቻልሽም።

አሚዶ የተቃጠለውን አንሶላ አጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችው። ሁለቱን ፎቶ ለረጅም ጊዜ አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷ ሲታጠፍ አየሁ። «የእንግዳው ግርግር ሲያልፍ ፈቃድ አለሽ። ቦታሽ ይጠብቅሻል» አለችኝ። ስለዚህ መምጣት እችላለሁ። ግን አትምጪ የምትሉኝ ከሆነ በር ላይ ቆሜ አላንኳኳም፤ ኩራት ያለው እናንተ ጋ ብቻ አይደለም። እውነቱን ጻፊልኝ። ካልጻፍሽልኝ ሁለቱንም ፎቶ አውርጄ እልክልሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከኔ ደብዳቤ አትጠብቂ።

ቁልፌ


ግንቦት 1 ቀን

ለቁልፌ፣

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አንድም ቃል አልዘለልኩም፤ መዝለል ስለሰለቸኝ ነው።

ምን ያለች ይመስልሻል? አለቀሰች ብል ደስ ይልሽ ነበር፤ በመጨረሻ አልቅሳለች። መጀመሪያ ግን ተቆጣች። በኔ! «እጅጌውን ከውስጥ ለምን አላስገባሽም? ጨርቁን ለምን ከላይ እንዲታይ ተውሽው? የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ በእንፋሎት ሳይደፍኑ ልብስ ይወጣል? ስፌትሽ ነው ያጋለጠን!» አለችኝ። ቃሉ አሁን ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም ተኮላትፎ ነው የሚወጣው፤ ስድቡን ግን አንዱንም አላሳነሰችብኝ። ደግሞ ቀጥላ «ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የት አባቷ ልትሄድ» ብላ በግማሽ አፏ ሳቀች። ኮርታብሻለች።

እንግዲህ እውነቱ ይኸውልሽ። ታኅሣሥ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት እየቆረጠች ሳለ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። አንሺልኝ አለችኝ። እማዬ መቀስ ወድቆባት ያውቃል? ቀና አልኩ። በዚያን ቀን ብቻ፣ ሰው ሳይ ከፊት ጀመርኩ። የቀኙ በኩል ወርዶ ነበር፤ ጉንጯም፣ ከንፈሯም፣ የዓይኗ ሽፋንም። የቀረውን አልጽፍልሽም፤ ሐኪም ቤት ሰነበትን፣ ወጣን። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ነው አለ። እግሯ ተመልሶላታል። ቀኝ እጇና የፊቷ ቀኝ ቀስ እያሉ ነው፤ ምን ያህል እንደሚመለሱ ሐኪሙም አያውቅ።

ገና ከአልጋ ሳትነሳ ነው ያስማለችኝ። «ለትንሿ እንዳትነግሪ።» ለምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ዓይኗን የታከመች ጊዜ ሥልጠናሽን ጥለሽ ወደኛ ከነፍሽ፤ ስትመለሺ ቦታሽን ለሌላ ሰጥተውት አገኘሽ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እሷ አልረሳችውም። «ሁለተኛ በኔ ምክንያት አይሆንም፣ ከነገርሻት ዓይንሽን አላይም» አለችኝ። ፊቷም እንዳይነሳ። ምን ላድርግ? አንቺ ፊቷን ላኪ ትያለሽ፣ እሷ ፊቴን ደብቂ ትላለች፤ እኔ እናንተ መሃል እንደ ገበር ተሰፍቼ ተቀመጥኩ። ገበር ደግሞ ማንም አያየውም። አዎ፣ ዋሸሁ። የዋሸሁት ግን ለሁለታችሁ ብዬ ነው፤ ሁለታችሁም ተቆጣችሁኝ። እስከ አሁን ያናደደኝ ይኸው ነው፤ ተናግሬ ወጣልኝ።

ካነበብኩላት በኋላ እንባዋን ጠረገችና «አንሺኝ» አለች።

ቅዳሜ ነበር። መጀመሪያ ሮጬ ጋሽ ፍላሽን ጠየቅኩት፤ ነገሩን ለሱ ብቻ ነው የነገርኩት። «ደህናውን ጎን ወደ መስኮቱ አድርጊው፤ ሌላው ጥላ ውስጥ ይግባ፤ ማንም አያውቅም» አለኝ። ደግ መካሪ ነው። ወንበሩን እንዳለኝ አስተካከልኩ። ባርኔጣ ልሰፋላት ነው ብዬ ካሜራውን አነሳሁ። እሷ ግን አትረጋም።

«ልጅቷ ምልክቴ የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቃ አልነበር?» አለችኝ።
«ጠይቃለች።»
«የቱ ጋ ነው?»
«በቀኝ ነው እማዬ።»
«ታዲያ ቀኙን ጨለማ ውስጥ ከተሽ ምን ልታሳዪያት ነው?»

ብላ በግራ እጇ ወንበሩን ጎትታ ፊቷን በሙሉ ለመስኮቱ ሰጠች። «ትንፋሽሽን ያዢ፣ ደግሞ ደብዝዤ እንዳልወጣ» አለች። ያዝኩ። ተጫንኩ። ይኸው። ቁልፌ፣ ምልክቱ በቀኝ ነው። ከጉንጯ ጋር ትንሽ ወርዷል፤ ግን እዚያው ነው። ብቻሽን ሆነሽ እዪው፤ ከዚያ ለልብስ ክፍሉ በሙሉ አሳዪልኝ። ጭንቅላቱ መጣ በያቸው።

ሁለተኛውን ፎቶ በተመለከተ እኔ የለሁበትም። ካሜራውን ላስቀምጥ ስል «አምጪው» አለችኝ። ለምን አልኳት። «የካቲት ላይ ያን ደብዳቤ ስትጽፊ እየጮህሽ ነበር የምትጽፊው፤ እኔም እዚሁ ነበርኩ። ያንቺን ፊት ማን ጠየቀ? ማንም። ቁሚ።» የሚጫኑት ቁልፍ በቀኝ በኩል ነው፤ ቀኝ እጇ ደግሞ አይታዘዝም። አሰበችበት። ከዚያ ካሜራውን ገልብጣ፣ ላዩን ታች አድርጋ ያዘችው፤ ቁልፉ በግራ መጣላት! የስፌት መኪናው ላይ አስደግፋ «ሆድሽን አስገቢ» ብላ አነሳችኝ። ጋሽ ፍላሽ ስንት ተማሪ ያስተማረ ሰው ይህን አላሰበውም፤ ስነግረው ካሜራውን እየገለበጠ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ።

ፊልሙ ታጥቦ መጣ። እዪውና ፍረጂ። ቀሚሴ ደህና ወጥቷል። ወገቤ ላይ የተሰካችው መርፌ ሳትቀር ትታያለች። የቀረውን ራሷ ትንገርሽ፤ ጋሽ ፍላሽ ቢሰማ እኔን ከትምህርቱ የሚያስወጣ ነገር አልጽፍም።

እትዬሽ

(ከእማዬ፣ በግራ እጇ)
ልጄ። እጅጌውን እኔ ብሰፋው ኖሮ አታገኚውም ነበር።
እህትሽን ያነሳሁ እኔ ነኝ። ጭንቅላቷ ፎቶው ውስጥ አልገባልኝም።
እሱን መጥተሽ እዪው።